«ክትባት»፤ ከምላጭ እስከ መልእክተኛ አር ኤን ኤ

በመርካቶ፣ ራጉኤል በሚባለው ሰፈር፣ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ታላቁ አንዋር መስጊድ እምብዛም ሳይራራቁ ቆመዋል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ጆሮውን ለቃላት ሰጥቶ የሚያቋርጥ ሰው ከአንድ ሥር የበቀሉ ሦስት ስሞችን በአንድ ማለዳ ለመስማት ይችላል። ወደ መስጊዱ የሚያመራው ደረሳ በብብቱ የያዘውን የሃይማኖት መጽሐፍ «ኪታብ» ይለዋል። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱት አዛውንት በአንገታቸው ያሰሩትን፣ በቆዳ የተለበጠውን ጽሑፍ «ክታብ» ይሉታል። ሕፃኗን ያዘለችው ወይዘሮ ደግሞ ለጎረቤቷ «ዛሬ የክትባት ቀኑ ነው» ብላ ወደ ጤና ጣቢያ ትቻኰላለች። ሦስቱ ሰዎች ስለ ሦስት የተለያዩ ነገሮች እንደሚናገሩ አያጠራጥርም፤ የቃላቸው ሥር ግን አንድ ነው፤ ከ፣ ተ፣ በ።

በዚህ ጽሑፍ የምንከታተለው የሦስተኛውን ስም ታሪክ ነው። ለዚህ ያነሣሣን ምክንያት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የመጣው አዲስ የክትባት ዓይነት ነው። በዚህ ክትባት ውስጥ ያለው ፍሬ ነገር የተዳከመ ተሐዋሲ ወይም የተሐዋሲ ስባሪ ሳይሆን በአራት ፊደላት የተጻፈ መልእክት ነው። ስለዚህም «ክትባት» ወደ ጥንታዊ ፍቺው፣ ወደ ጽሕፈት፣ ሳይታሰብ ተመልሷል ለማለት እንደፍራለን። ይሁን እንጂ በችኮላ ዘመን የተተረጐሙት አጃቢ ቃላት ሁሉ ከዚህ ስም ጋር የሚስማሙ ሆነው አላገኘናቸውም። አንዳንዶቹም ሰሚውን ያስደነግጣሉ። የሙያ ቃል ሰሚውን በከንቱ ካስደነገጠ ደግሞ ጉዳቱ በመዝገበ ቃላት ገጽ ላይ ተወስኖ አይቀርም፤ ሰው ከጤና ጣቢያ ደጃፍ እንዲመለስ ያደርጋል።

በግእዝ «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው። ዐረብኛውም በዚሁ ፍቺ ይሠራበታል። ግእዝ ለዚህ ተግባር «ጸሐፈ» የተባለ የዘወትር ግስ ስላለው «ከተበ» ከዋናው መንገድ ገለል ብሎ ልዩ ሥራ ይዟል። ወደ አማርኛ ሲደርስ ከዚህ ልዩ ሥራ ሁለቱ ጎልተው ቀሩ። አንደኛው በብራና ወይም በወረቀት ላይ የሚጻፈው መከላከያ ነው፤ «ክታብ» እና «አሸንክታብ» የሚሉት ስሞች ከዚሁ ይመደባሉ። ሁለተኛው ገላን ጫር አድርጎ በሽታ የሚከላከል ነገር ማስገባት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አማርኛ በገላ ላይ ለሚሠራ ሥራ የግስ ድኻ አልነበረም። «በጣ» አለ፤ «ነቀሰ» አለ፤ በዋግምት ደም ለሚያወጣው «አገመ» አለ፤ «ወጋ»ም አለ። ፈንጣጣን ለመከላከል ክንድ ላይ የሚደረገውን ሥራ ከእነዚህ በአንዳቸው መሰየም ይቻል ነበር፤ እንዲያውም በእጅ የሚሠራውን ሥራ ብቻ ለሚመለከት ሰው «በጣ» የበለጠ ይቀርባል። ቋንቋው ግን የጸሐፊን ግስ መረጠ። ብራና ራሱ ቆዳ ስለሆነ በቆዳ ላይ በስለት መጫርና በብራና ላይ በመቃ መጻፍ ተመሳስለው ታይተዋል ቢባል ያስኬዳል። እኛ ግን የምናዘነብለው ወደ ሌላው አስተያየት ነው፤ ይኸውም ስሙ የተወሰደው ከእጁ እንቅስቃሴ ይልቅ ከታሰበው ጥቅም ነው። ክታብ የሚታሰረው በሽታ ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ፈንጣጣም የሚከተቡት ሳይመጣ ነው። «መድኃኒት» ለታመመ፣ «ክታብ» ላልታመመ ነበር። «ክትባት»ም ከዚህ ጎራ ተሰለፈ።

የአውሮፓ ቋንቋዎች በዚህ ረገድ የሄዱበት መንገድ ሌላ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር እ.ኤ.አ. በ1796 ከላም ፈንጣጣ የወሰደውን ፈሳሽ ለአንድ ልጅ ከከተበ በኋላ፣ ላም በላቲን «ቫካ» ስለምትባል፣ ነገሩ «ቫክሲን» ተባለ። ስሙ የተነሣው ከምንጩ ነው። ዛሬ «ቫክሲን» ከሚባሉት መካከል ከላም ጋር የሚያገናኝ ነገር ያለው ጥቂት ስለሆነ የቃሉ ሥር ደርቆ ቀርቷል። «ክትባት» ግን የምንጭ ስም ስላልሆነ ምንጩ ሲለወጥ አላረጀም። ከሰው ቊስል የተወሰደውን መግል፣ ከጥጃ ቆዳ የተገኘውን ፈሳሽ፣ የተገደለውን ባክቴሪያ፣ የተዳከመውን ቫይረስ፣ በመጨረሻም አር ኤን ኤውን ሁሉ ያለ ማሻሻያ ተሸክሟል። ለቃላት አውጪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያለው ምሳሌ አናውቅም። (በቢሾፍቱ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ለከብት ክትባት ያመርታል። በአውሮፓውያን አጠራር ቢነገር ላሟ የራሷን ስም ተወጋች ማለት ነው።)

ክትባት ከአውሮፓ ሐኪሞች ጋር የመጣ እንዳይመስል ማስታወስ ያስፈልጋል። ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጐንደር በስናር በኩል ሲመለስ፣ በዚያ አካባቢ ያሉ ሴቶች ፈንጣጣን «መግዛት» በሚሉት ልማድ ልጆቻቸውን ቀለል ባለ ሕመም እንደሚያሳልፉ ጽፏል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስም የክትባቱን ሥራ ገልጿል። ሥራው ከሕመምተኛ ቊስል የተወሰደውን መግል በጤነኛው ክንድ ላይ በስለት በተከፈተ ጫር ውስጥ ማስገባት ነበር። የተከተበው ሰው እውነተኛ ፈንጣጣ ይይዘዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ቀለል ብሎ ያልፍለታል። አደጋው ግን ለሌላው ነበር፤ ከተከተበው ሰው ላልተከተበው በሽታው ይተላለፋልና።

ይህ አሮጌ ክትባት እስከ 1960ዎቹ ድረስ አልጠፋም ነበር። ፈንጣጣን ከዓለም የማጥፋቱ ዘመቻ በኢትዮጵያ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር ሠራተኞቹ ሁለት ክትባት ጎን ለጎን አገኙ። አንደኛው እነርሱ የያዙት፣ ደርቆ በብልቃጥ የመጣውና ጫፉ መንታ በሆነ መርፌ የሚሰጠው ነበር። ሁለተኛው የአገሬው ከታቢ ከቊስል የሚወስደው ሲሆን፣ ይህኛው በሽታውን ራሱን ያስፋፋ ስለነበር ዘመቻውን ያስቸግር ነበር። ሁለቱም በአማርኛ «ክትባት» ናቸው። እንግሊዝኛ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ስም ሲሰጥ በእኛ በኩል «ተከትበሃል?» ተብሎ የሚጠየቀው ገበሬ «አዎን» ሲል የትኛውን እንደሚናገር ከቃሉ አይለይም። ሠራተኞቹም የክንድ ጠባሳ እየተመለከቱ ይለዩ ነበር። ከላይ የቃሉን ስፋት አመስግነናል፤ ዋጋውም ይኸው ነው። በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመም የታየው ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ ዲሞ በተባለች መንደር ነው። ከዚያ በኋላ አሮጌው ክትባት ምንጩ ስለ ደረቀ ቃሉ ያለ ተከራካሪ ለአዲሱ ቀረ። በ1972 ዓ.ም. የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም ሲጀመር «ክትባት» ሲባል ሰሚው ወደ ሕፃናት እንጂ ወደ ምላጭ አላሰበም።

ከመርካቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጉለሌ ሲኬድ፣ «ፓስተር» የሚባል ሰፈር አለ። የታክሲ ረዳቱ ስሙን ሲጠራ ስለ ፈረንሳዊው ሊቅ ስለ ሉዊ ፓስተር የሚያስብ ተሳፋሪ ይኖራል ብለን አንገምትም። ስሙ የቀረው በ1940ዎቹ ዓ.ም. እዚያ ከተቋቋመው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። ይህ ተቋም በኋላ ወደ መንግሥት ማእከላዊ ላቦራቶሪነት ተለውጦ፣ ስሙንም ደጋግሞ እየቀየረ፣ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ሆኗል። በዚያው ግቢ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከበግ አንጎል ሲዘጋጅ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ስለዚህ በአገራችን ክትባትን ማምረት እንግዳ ነገር አይደለም፤ እንግዳው አር ኤን ኤው ነው።

የኮሮና በሽታ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ የተጀመረው ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ለዚሁ አስቀድሞ የገባው የአስትራዜኔካ ክትባት 2.184 ሚሊዮን ዶዝ ነበር። ይህ ክትባት መልእክቱን በሌላ ቫይረስ ጀርባ ጭኖ የሚያደርስ ነው። የፋይዘር አር ኤን ኤ ክትባት ወደ አገራችን የደረሰው ከዚያ በኋላ በ2014 ዓ.ም. ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት በደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ካለው ማእከል የአር ኤን ኤ ክትባት ጥበብ የሚተላለፍላቸውን የመጀመሪያዎቹን የአፍሪካ አገሮች ሲያስታውቅ የተጠሩት ስድስት ነበሩ፤ ግብፅ፣ ኬንያ፣ ናይጄሪያ፣ ሴኔጋል፣ ደቡብ አፍሪካና ቱኒዚያ። ኢትዮጵያ ከእነዚህ መካከል አልነበረችም። ፋብሪካው ቢዘገይም ቃሉ ግን አይዘገይም፤ ዜናው፣ የጤና ባለሙያው ገለጻና የመማሪያው መጽሐፍ ፋብሪካ እስኪተከል አይጠብቁምና። እንዲያውም ቃላቱ ቀድመው ቢሰናዱ የሚሻል ይመስለናል።

አሁን ወደ ሥራው ራሱ እንግባ። የሕዋስ ሊቃውንት ገና ከመነሻው ቃላቸውን የተበደሩት ከእኛ ሙያ፣ ከጸሐፊውና ከአስተርጓሚው፣ መሆኑን አንባቢ ያውቃል። በሕዋስ አስኳል ውስጥ ዲ ኤን ኤ እንደ መጽሐፍ ተቀምጧል። ከዚህ መጽሐፍ የሚፈለገው ክፍል በአር ኤን ኤ ይገለበጣል፤ ግልባጩም ከአስኳሉ ወጥቶ ሪቦዞም ወደ ተባለው አካል ይሄዳል። ሪቦዞሙ ፊደላቱን በሦስት በሦስት እያነበበ ወደ ፕሮቲን ቋንቋ ይተረጕማል። ፊደላቱ አራት ስለሆኑ በሦስት በሦስት ሲሰደሩ 64 ቃላት ይወጣቸዋል፤ 61ዱ አሚኖ አሲዶችን ይጠራሉ፣ ሦስቱ እንደ አራት ነጥብ የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ያመለክታሉ። ግልባጩን ተሸክሞ የሚወጣው አር ኤን ኤ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲታወቅ «መልእክተኛ» የሚል ቅጽል ተሰጠው። በአማርኛም «መልእክተኛ አር ኤን ኤ» ማለት ያለ ምንም ችግር ይቻላል፤ «መልእክት» በድሮው አማርኛ ደብዳቤም ስለሆነ ፍቺው ከፈረንጁ ቃል ይልቅ ይሞላል።

ክትባት አምራቹ የሚሠራው ይህንኑ ደብዳቤ ከሕዋስ ውጭ መጻፍ ነው። የፋይዘር ክትባት ደብዳቤ 4,284 ፊደላት አሉት። በእነርሱ የታዘዘው 1,273 አሚኖ አሲዶች ያሉት የኮሮና ቫይረስ እሾህ ፕሮቲን ነው። አሠራሩ የሚጀምረው ናሙና የሚሆነውን ዲ ኤን ኤ በባክቴሪያ ውስጥ በማራባት ነው። ባክቴሪያው የሚራባበትን ጋን የሚመስል ዕቃ አንዳንድ ተርጓሚ «ማብኪያ» ሲለው አይተናል። ሊጥና ጠላ ከታወቁበት ቤት የመጣ ቃል ስለሆነ አንቃወምም። ዲ ኤን ኤው ወጥቶ ከተጣራ በኋላ አንድ ኢንዛይም እርሱን እያየ አር ኤን ኤውን ይጽፋል፤ ይህ የሚፈጸመው ምንም ሕያው ሕዋስ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ፣ በጥቂት ሰዓቶች ነው። ከዚያ ናሙናው ዲ ኤን ኤ በሌላ ኢንዛይም ይበጣጠሳል፣ አር ኤን ኤውም ይጣራል።

በዚህ የጽሕፈት ሥራ ውስጥ አማርኛ አንባቢ ብቻ በቶሎ የሚረዳው አንድ ጥበብ አለ። ከውጭ የገባን አር ኤን ኤ ሰውነታችን እንደ ወራሪ ቈጥሮ ስለሚቈጣ ለብዙ ዘመን መድኃኒት ሊሆን አልቻለም ነበር። ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳዩት፣ ዩሪዲን የተባለችው ፊደል በቅርጿ ጥቂት በተለየች እኅቷ ብትተካ ቊጣው ይበርዳል፤ ሪቦዞሙ ግን ያንኑ ቃል ያነባል። ለዚህ ሥራ ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ2023 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ለተማሪ ለማስረዳት ሞክሼ ፊደላትን ከማስታወስ የቀለለ መንገድ የለም። «ሠ» በ«ሰ» ብትተካ ንባቡ አይለወጥም፤ የሚለወጠው የቅርጿ ነገር ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህችን ፊደል የሰየሙበት ቅድመ ቅጥያ በቀጥታ ሲፈታ «ሐሰተኛ» ማለት ነው። በመድኃኒት ማብራሪያ ላይ «ሐሰተኛ ዩሪዲን» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ገዢው መድኃኒቱን ሐሰተኛ አድርጎ ቢገነዘብ ሊፈርድበት አይገባም። «ሞክሼ ዩሪዲን» ይባል ዘንድ ሐሳብ እናቀርባለን።

የተጻፈው ደብዳቤ በጣም ተሰባሪ ነው። ራቁቱን ቢላክ በመንገድ ይበጣጠሳል። ስለዚህ አር ኤን ኤው በአሲዳማ ውሃ፣ አራት ዓይነት ሊፒዶች ደግሞ በአልኮል ሟሙተው፣ በጠባብ ቦይ ውስጥ በፍጥነት እንዲገናኙ ይደረጋል። በተገናኙም ጊዜ ሊፒዶቹ አር ኤን ኤውን ጠቅልለው 100 ናኖሜትር ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ስፋት ያላቸው ቅንጣቶች ይሆናሉ። አንድ ናኖሜትር የሜትር ቢልዮንኛ ነው። «ናኖ» የመለኪያ ክፍል ስለሆነ እንደ «ኪሎ» እና እንደ «ሚሊ» በውሰት ይቀጥል፤ «ናኖ ቅንጣት» ይበቃል። «ረቂቅ» እና «ደቂቅ» የሚሉትን ቃላት ቀደም ብለው ሌሎች የሙያ ስያሜዎች ስለ ያዟቸው መደረብ አይገባም።

ችግሩ «ሊፒድ» የሚለው ላይ ነው። በመርካቶ ቅቤ ተራ ለሚውል ነጋዴ ቅቤ፣ ሞራ፣ ጮማ፣ ስብና ዘይት ለየብቻ ዕቃዎች ናቸው፤ የአንዱን ስም ለሌላው መስጠት አይታሰብም። ኬሚስቱ ግን ሁሉንም በአንድ ከረጢት ጨምሮ «ሊፒድ» ይላል። «ስብ» ብለን ብንተረጕም ሰሚው የሚያየው የእንስሳ ሥጋ ነው። የራጉኤልን ሰፈር የመረጥንበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው። በዐቢይ ጾም «የስብ ቅንጣት» ያለበት መርፌ ለመወጋት የሚያመነታ ምእመን፣ «የምን እንስሳ ስብ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሙስሊም፣ ሁለቱም አግባብ ያለው ጥያቄ ያቀርባሉ። ጥያቄውን የወለደው ግን ተርጓሚው ነው። የፋይዘር ክትባት ከእንስሳ የተገኘ ነገር የለበትምና። «ቅባት»ን ያቀረቡም አሉ። ይህም ከቤተ ክርስቲያን ቃላት ጋር ይጋጫል፤ በጤና ባለሙያ አፍም ከቆዳ ላይ ከሚቀባ መድኃኒት አይለይም። በእኛ አስተያየት ውሰቱ «ሊፒድ» እንዳለ ይቀመጥ። የአገር ቃል ሁልጊዜ ከውሰት ይሻላል የሚሉ ባልደረቦቻችን እዚህ ላይ እንደማይስማሙ እናውቃለን፤ የአገር ቃል የአገር ትዝታ ይዞ እንደሚመጣ ግን መዘንጋት የለበትም።

ከሁሉ የከፋው «የዘረ-መል ክትባት» የሚለው አጠራር ነው። «ዘረ-መል» በሥነ ሕይወት ትምህርት የተለመደ ቃል ስለሆነ በክፍል ውስጥ ተቃውሞ የለንም። ከክፍል ሲወጣ ግን «ዘር» ይቀድማል። «ዘር» በአማርኛ የሚዘራው እህል ነው፤ ልጅና የልጅ ልጅ ነው፤ ነገድም ነው። «ዘር» ያለበት ክትባት ልጅ የማስወለድን ኃይል ወይም የትውልድን ነገር የሚነካ መስሎ ቢሰማ ሰሚው ቋንቋውን በሚገባ በማወቁ እንጂ ባለማወቁ አይደለም። ክትባት መካን ያደርጋል የሚለው ወሬ ከኮሮና በፊትም የነበረ ነው፤ ቃሉ ለዚህ ወሬ መንደርደሪያ ሲሆነው ማየት ያሳዝናል። በተግባር መልእክተኛው አር ኤን ኤ ዲ ኤን ኤ ወዳለበት አስኳል አይገባም። ከአስኳሉ ውጭ ባለው የሕዋስ ክፍል ይነበባል፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ተበጣጥሶ ይጠፋል። ስለዚህ «መልእክተ-ክትባት» ወይም ሰፋ አድርጎ «የመልእክተኛ አር ኤን ኤ ክትባት» ማለት ለእውነቱም ለጆሮም ይስማማል።

ሆኖም እኛ ራሳችን ካቀረብነው ስያሜ ጋር የሚመጣ አንድ ጥርጣሬ አለ፤ ልንሸሽገው አይገባም። ጽሕፈትን በሚያስታውስ ስም ላይ ሌላ የጽሕፈት ስም ስንደርብ ሰሚው ወደ ክታብ ሊመለስ ይችላል። በቆዳ የተሰፋው ክታብና በሊፒድ የተጠቀለለው አር ኤን ኤ በመልክ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ጽሑፍ ናቸው፣ ሁለቱም ልባስ አላቸው፣ ሁለቱም ያልመጣን በሽታ ይጠብቃሉ። ልዩነታቸው በመነበቡ ላይ ነው። ክታብ ከተሰፋ በኋላ አይፈታም፤ የታሰረለት ሰው ውስጡ ምን እንዳለ ሳያነብ ዕድሜውን ሊፈጽም ይችላል፣ ኃይሉም ተዘግቶ በመቆየቱ ነው ይባላል። አር ኤን ኤው ግን ልባሱ ተቀዶ ካልተነበበ ከንቱ ነው፤ ከተነበበ በኋላም ወረቀቱ ይቀደዳል። የሚቀረው ሰውነት ያስታወሰው ነገር ብቻ ነው። ለጤና ሠራተኞች በተሰጠ አንድ ገለጻ ላይ ይህን ንጽጽር ስናቀርብ አንዲት አዋላጅ ነርስ «እንግዲያው እንደ ክታብ ሳይሆን እንደ መጥሪያ ነው» አሉን። መጥሪያ ተነቦ ይፈጸማል፣ ከዚያም ይጣላል። እኛ ካሰብነው ሁሉ የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው እዚህ ጽፈነዋል።

የፔፕታይድ መድኃኒቶች ነገር ከዚህ ይቀላል። ፔፕታይድ የፕሮቲን ታናሽ ወንድም ነው፤ ጥቂት አሚኖ አሲዶች በሰንሰለት ተያይዘው የሚፈጥሩት ነው። ለወላድ ደም ማቆሚያ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ዘጠኝ ብቻ አሉት። ቪንሰንት ዱ ቪኞ ይህንኑ እ.ኤ.አ. በ1953 በላቦራቶሪ ሠርቶ ከሁለት ዓመት በኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ኢንሱሊን 51 አሉት። ዛሬ ብዙዎቹ የሚሠሩት ሮበርት ሜሪፊልድ እ.ኤ.አ. በ1963 ባስተዋወቀው ዘዴ ነው፤ የመጀመሪያው አሚኖ አሲድ በሙጫ እንክብል ላይ ይታሰራል፣ ሌሎቹም እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ ይሰካሉ። በእያንዳንዱ መካከል ትርፉ ይታጠባል። «ፔፕታይድ» በውሰት ይቀመጥ። ትኩረት የሚያሻው ሌላ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ቢዋጡ ጨጓራ እንደ ሥጋ ስለሚፈጫቸው አብዛኛዎቹ የሚሰጡት በመርፌ ነው፤ ክትባትም በመርፌ ነው፤ ፔኒሲሊንም እንዲሁ። በሰፈር አነጋገር ሁሉም «መርፌ» ይባላል። የስኳር ሕመምተኛው «መርፌዬን ወሰድሁ» ሲል ዕለት ዕለት የሚወስደውን ኢንሱሊን ማለቱ ነው፤ ጎረቤቱ «መርፌዬን ወሰድሁ» ሲል የዓመቱን ክትባት ማለቱ ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ላይ ግን «መርፌ» ለመሣሪያው፣ «ክትባት» ለመከላከያው፣ «መድኃኒት» ለፈውሱ ተለይተው ቢጠበቁ ይገባል። ይህ ልዩነት አዛውንቱ ክታባቸውን ከመድኃኒታቸው ሲለዩ ቀድሞውንም የነበረ ነው።

ያልተፈታው አንድ ቃል ይቀረናል፤ ከዲ ኤን ኤ ወደ አር ኤን ኤ የሚደረገው ግልበጣ። እኛም ከላይ «ይገለበጣል» ብለን አልፈናል፤ በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ግርጌ «ግልባጭ» የሚለውን ያየ ሁሉ ይረዳዋልና። ስም አድርገን «ግልበጣ» ስንለው ግን ጋሪና መንግሥት ይገለበጡበታል። «ቅጂ» የተሻለ ይመስላል፤ «መቅዳት» በበኩሉ ውሃንም ድምፅንም ይቀዳል። ከራጉኤል በታች ያሉት የፎቶ ኮፒ ቤቶች ችግሩን ከፈቱት ቆይተዋል፤ ጽሑፍ «ኮፒ» ነው የሚያደርጉት። የጤናና የሥነ ሕይወት መምህራን በክፍላቸው የሚሠሩበትን ቃል ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።